እምቦጭ ለፍሳሽ ማጣሪያ፤ ጥቅሙ፥ ወጪውና አደጋው

በአገራችን ሐይቆችና ግድቦች ላይ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ያደረሰው ጉዳት ከማንም የተሰወረ አይደለም። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት፥ ባለጀልባው የሚቀዝፍበት፥ ገበሬውም ከብቱን የሚያጠጣበት ዳርቻ በአረንጓዴ ምንጣፍ ተሸፍኖ ሲታይ ላላወቀው ሰው መስክ ይመስለዋል፤ ለሚኖርበት ሰው ግን የዕለት እንጀራውን የዘጋ በር ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ በየጊዜው የሚነሣ አንድ አሳብ አለ። ይኸውም፥ እምቦጭ ቆሻሻን ከውሃ የመምጠጥ ኀይል ስላለው፥ ከፋብሪካና ከከተማ የሚወጣውን ፍሳሽ ለማጣራት ቢሠራበት ጠላት የነበረው አረም አገልጋይ ይሆናል የሚል ነው። አሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ በውጭ አገርም በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ተሞክሯል። ዳሩ ግን ነጋዴ አንድ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ዋጋውን፥ ማጓጓዣውንና ጉድለቱን እንደሚመረምር ሁሉ፥ ይህንንም ጉዳይ በሒሳብ ዐይን መመልከት ይገባል። የፍሳሽ ማጣሪያ ለመሥራት ያሰበ የፋብሪካ፥ የሆቴል ወይም የእርሻ ድርጅት ባለቤት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነገሮች ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አረሙ ከየት መጣ

የእምቦጭ የትውልድ አገር በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው የአማዞን ወንዝ ሸለቆ ነው። ሐምራዊ አበባው እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ከዚያ አውጥቶ በዓለም የበተነው ነፋስ ወይም ወፍ ሳይሆን፥ ውበቱን የወደደው የሰው ልጅ ራሱ ነው። በ1884 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተከፈተው ዓለም አቀፍ የጥጥ ኤግዚቢሽን ላይ ለተመልካቾች በስጦታ እንደ ታደለና እነርሱም ወደየቤታቸው ኩሬ እንደ ወሰዱት ይነገራል። ብዙ ሳይቆይም ወንዞቹን እየሸፈነ የመርከብ መንገድ ስለ ዘጋ፥ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1899 መንግሥት አረሙን ከመርከብ መሄጃ ውሃዎች እንዲያስወግድ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

ጭንቀቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ በ1910 የሉዊዚያና ተወካይ ሮበርት ብሩሳርድ ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ረቂቅ ነው። ረቂቁ ጉማሬ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ገብቶ አረሙን እንዲበላ፥ ሥጋውም ለሕዝብ ምግብ እንዲሆን የሚጠይቅ ነበር። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ጣና ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ሲሆን እምቦጭ ከመስፋፋት እንዳልተገታ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፥ ቢጸድቅ ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር ለመገመት አይቸገርም። በመጨረሻም በ1956 እምቦጭን ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ማጓጓዝ በአሜሪካ በወንጀል የሚያስቀጣ ሆኖ ተደነገገ።

በአገራችን የእምቦጭ መኖር በመጀመሪያ የተመዘገበው በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው ደግሞ በ2011 ሲሆን፥ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። በጣና ዙሪያ ያለው ገበሬ በዘመቻ ወጥቶ፥ ውሃው ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የታየው ድካም በሁላችንም ዘንድ የሚታወስ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለወግ ያህል አይደለም። አረሙ በዓለም ላይ የተሠራጨው ጠቃሚ ወይም የሚያምር መስሎት በወሰደው ሰው እጅ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ዛሬም «ጥቅም አለው» የሚለው ቃል ሲነገር፥ ይኸው እጅ እንደ ገና እንዳይዘረጋ መጠንቀቅ ያሻል።

ሥሩ የሚሠራው ሥራ

እምቦጭ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ስለ ሆነ ሥሩ መሬት አይነካም። ሥሩ እንደ ወፍ ላባ የተበተነ ሆኖ በውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ቆሻሻ ውሃ በዚህ ሥር መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሦስት ነገሮች ይሆናሉ።

አንደኛው፥ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ቆሻሻ በሥሩ ላይ እየተያዘ ወይም ወደ ታች እየዘቀጠ ይቀራል። ቅጠሉ የፀሐይ ብርሃን ስለሚከለክል፥ በተራ የፍሳሽ ኩሬ ላይ ውሃውን የሚያጐሸው አረንጓዴ ዋቅላሚም አይበቅልም። ስለዚህ ከእምቦጭ ኩሬ የሚወጣው ውሃ ለዐይን ጥርት ያለ ነው።

ሁለተኛው፥ በሥሩ ላይ በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ሰፍረው ይኖራሉ፤ የምግብ ትራፊን፥ ደምን፥ የሰውን ዐይነ ምድርና ይህን የመሳሰለውን ብስባሽ ቆሻሻ የሚበሉትና የሚያፈርሱት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው ለተክሉ የሚሰጠው ምስጋና በከፊል የእነዚህ ረቂቃን ፍጥረታት ድርሻ ነው።

ሦስተኛው፥ ተክሉ ራሱ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ የተባሉትን፥ ለእርሻ ማዳበሪያ ለውሃ ግን ብክለት የሆኑትን ነገሮች እየመጠጠ ያድግበታል። ከዚህም ሌላ እንደ ክሮሚየም፥ ካድሚየምና እርሳስ ያሉትን ከባድ ብረቶች በይበልጥ በሥሩ ውስጥ ያከማቻል።

እዚህ ላይ አንባቢው በጥብቅ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ረቂቃኑ የሚያፈርሱት ብስባሽ ቆሻሻ በእርግጥ ይጠፋል። ተክሉ የመጠጠው ማዳበሪያና ብረት ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ከውሃው ወጥቶ በተክሉ አካል ውስጥ ተቀምጧል። ተክሉ በጊዜው ከኩሬው ከወጣ ቆሻሻውም አብሮ ይወጣል። ካልወጣ ግን አርጅቶ ይሞታል፥ ወደ ታችም ሰጥሞ ይበሰብሳል፤ የወሰደውንም ሁሉ ለውሃው መልሶ ይሰጣል። በነጋዴ ቋንቋ ለመናገር፥ እምቦጭ ቆሻሻውን የሚቀበለው በአደራ ነው። አደራውን ከእጁ የሚረከብ ሰው ከሌለ ለባለቤቱ ለውሃው ይመልሰዋል። እንግዲህ የማጣራቱን ሥራ የሚፈጽመው አረሙን ከውሃው የሚያወጣው ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

በውጭ አገር የተደረገው ሙከራ

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሙከራ በአሜሪካ የኅዋ ምርምር መሥሪያ ቤት፥ በናሳ፥ የተደረገው ነው። ዛሬ ስቴኒስ የኅዋ ማእከል እየተባለ በሚጠራው በሚሲሲፒ በሚገኘው ጣቢያ፥ ዶክተር ቢል ዎልቨርተን የተባሉ ሳይንቲስት ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እምቦጭን በፍሳሽ ኩሬዎች ላይ እያሳደጉ የማጣራት ኀይሉን መረመሩ። የጣቢያው የራሱ ፍሳሽ በዚህ ዐይነት ይጣራ ጀመር፤ በአቅራቢያው ባለችው በቤይ ሴንት ሉዊስ ከተማ ኩሬ ላይም ተሞከረ።

ከዚህ ሙከራ ለኢንዱስትሪ ባለቤቶች የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። በጣቢያው ከመጸዳጃና ከወጥ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ፥ ከፎቶግራፍ ማጠቢያና ከኬሚካል ላቦራቶሪ የሚወጣው፥ ብረት ያለበት ውሃ በተለየ ጠመዝማዛ ቦይ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። ሁለቱን ሳይቀላቅሉ መያዝ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከመጀመሪያው ኩሬ የሚወጣው አረም ለማዳበሪያና ለጋዝ ሊውል ይችላል፤ ከሁለተኛው የሚወጣው ግን መርዝ የተሸከመ ስለ ሆነ ወደ እርሻም ወደ ከብትም ሊቀርብ አይገባም።

ከሚሲሲፒ ቀጥሎ በካሊፎርኒያ የሳን ዲየጎ ከተማ፥ በፍሎሪዳም የዋልት ዲዝኒ መዝናኛ ስፍራ ሙከራውን ተከተሉ። በፍሎሪዳው ሙከራ ከኩሬው የወጣው አረም ተፈጭቶ ወደ ጋዝ ማብላያ እየገባ ለማገዶ የሚሆን ሜቴን ጋዝ እንዲሰጥ ተደርጓል። በ1988 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በውሃ ተክሎች ፍሳሽን ስለ ማጣራት የሚገልጽ የምሕንድስና መመሪያ ሲያወጣ ለእምቦጭ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ የአሜሪካ ሥራዎች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ቀርተዋል ወይም በሌላ ዘዴ ተተክተዋል። እምቦጭ ውርጭ አይችልም፤ በቅዝቃዜ ወራት ቅጠሉ ይረግፋል፥ ሥራውም ይደክማል። በተሸፈነው ኩሬ ላይ ትንኝ ስለሚራባ፥ ትንኙን የሚበላ ዓሣ መጨመርና ፍሳሹን በተለያየ ቦታ እያከፋፈሉ ማስገባት አስፈለገ። ከሁሉም በላይ አረሙን ዘወትር ማውጣትና የወጣውን ማስወገድ ድካምና ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ለየት ያለ ምሳሌ የሚገኘው በሕንድ ነው። ከካልካታ ከተማ በስተምሥራቅ 12,500 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ረግረጋማ ስፍራ አለ። የከተማው ፍሳሽ ወደዚህ ስፍራ ይፈስሳል፤ ዓሣ አርቢዎችም ፍሳሹን በልክ ወደ ኩሬዎቻቸው እያስገቡ ዓሣ ያረቡበታል፤ የከተማውም ሕዝብ ዓሣውን ይገዛል። ይህን የሕዝብ ጥበብ ለዓለም ያስተዋወቁት ኢንጂነር ድሩባጆቲ ጎሽ ሲሆኑ፥ ስፍራው በ2002 በዓለም አቀፉ የራምሳር ስምምነት መዝገብ ገብቷል። በዚያ እምቦጭ በኩሬው ዳርና ዳር ብቻ ታጥሮ ይያዛል፤ ማዕበል ዳርቻውን እንዳይንደው ይከላከላል፥ ለዓሣው ጥላ ይሆናል፥ ብረትም ይመጥጣል። የኩሬው መካከል ግን ፀሐይ እንዲገባበት ክፍት ሆኖ ይጠበቃል። አረሙ ከተወሰነለት መሥመር እንዳያልፍ የሚጠብቀው፥ ኑሮው በኩሬው ላይ የተመሠረተው ዓሣ አርቢ ነው። የካልካታው ልማድ ሊቈይ የቻለው በየኩሬው አጠገብ እንዲህ ያለ ባለቤት ስላለ ነው።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቍጥር እንመለስ። እምቦጭ በተመቸው ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ የሸፈነውን ስፋት እጥፍ ያደርጋል። አንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር እምቦጭ በኩሬው ላይ ቢያኖር፥ በዚህ አረማመድ በ20 ሳምንት 1,024 ካሬ ሜትር፥ በ28 ሳምንት 16,384 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከ1 ሄክታር ተኩል በላይ ነው።

1 ሄክታር የሆነ የማጣሪያ ኩሬ ያለውን ድርጅት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ኩሬው ሳይታፈን ዘወትር በሥራ ላይ እንዲቈይ ካስፈለገ፥ በየሁለት ሳምንቱ የአረሙ ግማሽ፥ ማለት የ5,000 ካሬ ሜትር ምርት፥ መውጣት አለበት። በካሬ ሜትር 20 ኪሎ እርጥብ አረም አለ ብለን ብንገምት የሚወጣው ክብደት 100,000 ኪሎ፥ ወይም 1,000 ኩንታል ይሆናል። 50 ኩንታል በሚጭን መኪና ቢጓጓዝ 20 ምልልስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ አረሙ በሚፋጠንበት ወቅት የሚሆን ከፍተኛ ግምት ነው፤ ሆኖም ሠራተኛና መኪና የሚዘጋጀው ለሥራው ከፍተኛ ጊዜ እንጂ ለዝቅተኛው አይደለም።

የእምቦጭ ክብደት ደግሞ 95 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ከ1,000 ኩንታሉ ውስጥ ደረቅ ሆኖ የሚቀረው 50 ኩንታል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አረሙን እርጥቡን የሚያጓጕዝ ድርጅት 20 መኪና ኪራይ ከፍሎ የአንድ መኪና ዕቃ ያገኛል፤ የ19ኙ መኪና ኪራይ ውሃ ለማመላለስ የተከፈለ ነው። ከአረሙ ወንበር፥ ቅርጫት፥ ወረቀት፥ ከሰል ወይም የከብት መኖ ለመሥራት የተነሡ ብዙ አሳቦች የሚሰናከሉት በዚህ ስፍራ ነው። መኖውን በተለይ ያነሣን እንደ ሆነ፥ እርጥቡ አረም የከብቱን ሆድ ይሞላል እንጂ የሚገባውን ያህል ጕልበት አይሰጥም።

ስለዚህ ማድረቂያው ከኩሬው አጠገብ መሆን አለበት። አረሙ ሲወጣ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ኩሬው እንዲመለስ ሆኖ መደቡ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠራት ይገባዋል። የወጣው አረም በሐይቅ ወይም በወንዝ ዳር ቢከመር ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል፤ የተደከመበትም ከንቱ ይሆናል። የምግብና የመጸዳጃ ፍሳሽ ካጣራ ኩሬ የወጣ አረም ግን ተቆራርጦ ከእበት ጋር ተደባልቆ ለባዮጋዝ ወይም ለኮምፖስት ሊውል ይችላል። ጋዙ የድርጅቱን ወጥ ቤት ወይም ማሞቂያ ወጪ ቢያቃልል፥ ይህ ከማጣራቱ ጥቅም ጋር ተደምሮ የሠራተኛውን ደመወዝ በከፊል ይሸፍናል። ከዚህ የበለጠ ትርፍ አገኛለሁ ብሎ ካፒታሉን የሚያፈስ ሰው ግን አስቀድሞ በትንሹ ሞክሮ ማየት አለበት።

ለየትኛው ፍሳሽ ይሆናል

የቆዳ ፋብሪካ ባለቤቶች በእምቦጭ ላይ ታላቅ ተስፋ ሲያደርጉ ይሰማል፤ ምክንያቱም አረሙ ክሮሚየምን እንደሚመጥጥ በብዙ ምርምር ታይቷል። ነገር ግን ከቆዳ ፋብሪካ በቀጥታ የሚወጣው ፍሳሽ ከክሮሚየሙ ሌላ ቆዳው ሳይበላሽ የቈየበት ጨው ይበዛበታል። እምቦጭ የጨው ውሃ ጠላት ነው፤ ጨው ሲበረታበት ይጠወልጋል፥ ይሞታልም። ስለዚህ ክሮሚየሙ አስቀድሞ በኬሚካል ተለይቶ መውጣትና እንደ ገና ለሥራ መዋል አለበት፤ ጨውም ቆዳው ከመታጠቡ በፊት በደረቁ ተራግፎ መቀነስ ይኖርበታል። ተክል ቢያስፈልግ ለመጨረሻው ማጥሪያ ብቻ ነው። ያን ጊዜም የሚወጣው አረም እንደ መርዛም ዝቃጭ ተቈጥሮ በጥንቃቄ መወገድ አለበት እንጂ ለገበሬ በማዳበሪያ ስም ሊሰጥ አይገባም።

እሸት ቡና በሚታጠብበት ጣቢያ የሚወጣው ውሃ ስኳር የበዛበት ሲሆን፥ ሲቈይ ቦክቶ እጅግ ይኮመጥጣል። እንዲህ ያለ ጥሬ ፍሳሽ በቀጥታ ቢለቀቅበት ተክሉ አይችለውም። ከዚህም ሌላ የቡና ማጠቢያ የሚሠራው በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጣቢያው በተዘጋበት ወራት አረሙን የሚጠብቀው ማነው? ዘበኛ የሌለው የእምቦጭ ኩሬ ጐርፍ በመጣ ቀን ለሸለቆው ሁሉ የሚተርፍ ችግኝ ጣቢያ ይሆናል።

የቄራ፥ የቢራ ፋብሪካ፥ የሆቴልና የትምህርት ቤት ፍሳሽ፥ ደለሉና ዘይቱ አስቀድሞ በጕድጓድ ከተያዘ በኋላ፥ በውሃ ተክል ለማጣራት ይበልጥ የሚስማማ ነው። ለዚህ የሚሠራው ኩሬ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ሥሩ የማይነካው ውሃ ከታች ሳይጣራ ያልፋል። ወባ ባለበት ቈላማ አገር ግን የትንኙ ነገር አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ፍሳሽ ያጣራ ድርጅት በሠራተኞቹ ላይ ወባ ቢያመጣ ትርፉ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል።

የአባ ሳሙኤል ምስክርነት

በእምቦጭ ፍሳሽን ማጣራት በአገራችን ያልተሞከረ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ወደ አባ ሳሙኤል ወርዶ ይመልከት። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የተባሉት ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው፥ የመኖሪያ ቤቱንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክመው፥ ከአገራችን የውሃ ኀይል ማመንጫዎች ቀዳሚ ወደ ሆነው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በዚያም እምቦጭ ሰፍሮበታል። አረሙ የሚፋፋው ከእኛ በሚወርደው ማዳበሪያ ነው፤ እርሱም በበኩሉ ከውሃው እየመጠጠ ያነሣል። እንግዲህ የማጣሪያው ኩሬ አለ፥ ተክሉም አለ፥ ፍሳሹም ያለማቋረጥ ይመጣል። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አረሙን በየጊዜው አውጥቶ ከውሃው የሚያርቅ ባለቤት ነው።

ባለቤት ስለሌለውም አረሙ የሚያደርገው የምናውቀውን ነው። ይወልዳል፥ ያረጃል፥ ይሰጥማል፥ ይበሰብሳል፤ የውሃውን ኦክሲጅን ያሟጥጣል፥ የግድቡንም ሆድ በዝቃጭ ይሞላል። ከግድቡ የተረፈው ውሃ ወደ አዋሽ ከዚያም ወደ ቆቃ ይሄዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት እያለማ ለከተማው ገበያ የሚያቀርበው ገበሬ ይህንኑ የተበከለ ውሃ ያጠጣል፤ ጐመኑና ሰላጣውም ተመልሶ ወደ ማእዳችን ይመጣል። ፍሳሹን ለወንዝ የለቀቀ ድርጅት ወጪ የቀነሰ ቢመስለውም፥ ወጪው ወደ ሌላ ሰው መዝገብ ተላለፈ እንጂ አልተሠረዘም።

ሕጉም ይህን አይፈቅድም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ሰው አካባቢውን እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲሸፍን የሚያስገድድ ነው። ከዚህም በላይ ወደ ውጭ አገር ዕቃ የሚልኩ ድርጅቶች ደንበኞቻቸው ስለ ፍሳሽ አያያዝ አጥብቀው እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። የአበባ ነጋዴዎችም፥ የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እምቦጭን ከተከለከሉ መጤ ተክሎች ዝርዝር ውስጥ እንዳስገባውና ወደዚያ ገበያ ለጌጥ እንኳ ሊላክ እንደማይችል ልብ ማለት አለባቸው።

ምን ቢደረግ ይሻላል

አንባቢዎቻችን ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያውስ እምቦጭ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ይጠቅማል፤ ነገር ግን ባለበት ስፍራ፥ በአጥር ውስጥና በሠራተኛ እጅ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፥ እምቦጭ ወደሌለበት ተፋሰስ ለማጣሪያ ተብሎ በምንም ምክንያት አይወሰድ። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ሊቈይ ስለሚችል፥ አንድ ጊዜ ያመለጠ አረም በገንዘብ የማይመለስ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፥ አዲስ ማጣሪያ ለመሥራት ያሰበ ድርጅት በመጀመሪያ የአገራችንን ተክሎች ይመልከት። ደንገል፥ ፊላ፥ ሸምበቆና ቄጠማ በጠጠር በተሞላ መደብ ላይ ተተክለው ፍሳሹ በሥራቸው መካከል እንዲያልፍ ቢደረግ ረቂቃኑ ሕያዋን በእነዚህም ሥር ላይ ይሰፍራሉ፤ ሥራውም ይሠራል። እነዚህ ተክሎች ሥራቸው በመሬት የተያዘ ስለ ሆነ ጐርፍ በቀላሉ አይወስዳቸውም፤ በየሁለት ሳምንቱም ሳይሆን አልፎ አልፎ ቢታጨዱ ይበቃቸዋል። ውሃው ከጠጠሩ በታች የሚሄድ ከሆነም ትንኝ የሚራባበት ስፍራ አያገኝም።

ሦስተኛ፥ እምቦጭ አስቀድሞ ባለበት አካባቢ፥ ለምሳሌ በአቃቂና በቆቃ ዙሪያ፥ በእርሱ ለመጠቀም የሚፈልግ ድርጅት ኩሬውን ከወንዙ የለየ፥ ጐርፍ የማይደርስበት፥ መውጫው በወንፊት የተዘጋ አድርጎ ይሥራው። በየዓመቱ በጀትም ውስጥ አረሙን ለማውጣት የሚያስፈልገው የሰው ደመወዝ፥ የመሣሪያና የማድረቂያ ወጪ ራሱን በቻለ መደብ ይጻፍ። ይህ መደብ ባዶ ከሆነ ኩሬው ባይቆፈር ይሻላል።

አራተኛ፥ ብረትና ኬሚካል ያለበት ፍሳሽ ከሌላው ጋር አይቀላቀል።

አምስተኛ፥ ከእምቦጭ ዕቃ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ምርቱ አረሙን ለማጥፋት የሚያግዝ እንጂ አረሙ እንዲኖር የሚያስመኝ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። አረሙ ያለቀ ዕለት ወደ ሌላ ጥሬ ዕቃ ለመዛወር የተዘጋጀ ሥራ ፈጣሪ የሐይቁ ወዳጅ ነው። አረሙ እንዳያልቅ የሚጸልይ ግን ትርፉ ከዓሣ አጥማጁ ጕሮሮ የተነጠቀ መሆኑን ይወቅ።

በጣና ዳር እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ የነቀለው ገበሬ ይህን ያደረገው ደመወዝ ተቈርጦለት አይደለም። የእርሱን ድካም ያህል ሥራ በፋብሪካችን ኩሬ ላይ እንዲሠራልን የምንፈልግ ከሆነ ዋጋውን አስቀድመን በመዝገባችን ላይ መጻፍ አለብን።